ሐምሌ ላይ አልዘጋ ያለ በር

ለጋዜጣው ዝግጅት ክፍል፤

በቅርቡ ስለ ቤት እድሳት ባወጣችሁት ጽሑፍ ውስጥ፣ የቆየ የእንጨት የውጭ በር አልዘጋ ሲል ነቅሎ በላሜራ በር መተካት እንደሚሻል የተሰጠው ምክር ይህን ደብዳቤ እንድጽፍ አነሣሥቶኛል። ምክሩ በብሎኬት ለተሠራ ቤት ይስማማ ይሆናል። እኛ በምንኖርበት በአቃቂ ቃሊቲ ዳርቻ ግን፣ ከባህር ዛፍ ቋሚና ማገር ተዋቅሮ በጭቃ ለተመረገ አሮጌ ቤት በደፈናው ሲነገር ሰውን ላላስፈላጊ ወጪ ይዳርጋል። ዕድሜዬን በአናጢነት ያሳለፍኩ ሰው ነኝና፣ በሰፈራችን ተነቅለው ከተጣሉት በሮች አብዛኞቹ ምንም ጥፋት እንዳልነበረባቸው በድፍረት መናገር እችላለሁ።

የአካባቢያችን መሬት መረሬ ነው። ይህ ጥቁር አፈር ክረምት ውሃ ሲጠጣ ያብጣል፤ በጋ ሲደርቅ ደግሞ ተሰብስቦ እጅ የሚያስገባ ስንጥቅ ያወጣል። መሠረቱ ጥልቀት የሌለው፣ ወይም ጭራሹን ቋሚው በአፈር ውስጥ የተተከለ ቤት ከመሬቱ ጋር አብሮ ይነሣል፣ አብሮም ይወርዳል። አንደኛው መቃን (የበሩ የጎን ቋሚ) ከሌላው ትንሽ ከፍ ሲል ጉበኑ (ከበሩ በላይ ያለው አግዳሚ) ያዘነብላል፣ በሩም በላይኛው ጥግ ይነክሳል። ባለቤቱ በየቀኑ የሚታገለው ከበሩ ጋር ስለሆነ ጥፋቱን በበሩ ላይ ያደርጋል።

ጎረቤቴ የሆኑ እናት ባለፈው ዓመት ግንቦት ውስጥ የዝግባ በራቸውን አስነቅለው ላሜራ አስገጠሙ። ሐምሌ ላይ አዲሱም በር አልዘጋ አለ። የገጠመው ልጅ ተጠርቶ መጣና የላይኛውን ጠርዝ በግራይንደር ሞርዶት ሄደ፤ የተሞረደው ቦታም ቀለሙ ስለተገፈፈ ብዙ ሳይቆይ ዝገት ጀመረው። ኅዳር ላይ መሬቱ ደርቆ ቤቱ ወደ ቦታው ሲመለስ፣ በዚያው ጠርዝ ጣት የሚያሾልክ ክፍተት ተፈጠረና እናት ማታ ማታ ጨርቅ መወተፍ ጀመሩ። ልጁን አልወቅሰውም፤ የታዘዘውን ነው የሠራው። የዝግባው በር ግን ዛሬ የዶሮ ቤት መዝጊያ ሆኖ ዝናብ እየመታው እንኳ አልተጣመመም።

ስለዚህ በር ከማዘዝ በፊት መታየት ያለበት በሩ ያረፈበት ነገር ነው። ቱንቢና ውሃ ልክ ይዞ መቃኖቹ ቀጥ ማለታቸውንና ጉበኑ አለማዘንበሉን ማየት የሚችል ሰው በየሰፈሩ አይጠፋም። ጊዜ ያለው ሰው ደግሞ በሩ ክረምት የሚነክስበትን ቦታ በእርሳስ ምልክት አድርጎ ታኅሣሥ ላይ ይመልከተው፤ በበጋ ራሱ ከለቀቀ ጥፋቱ በአብዛኛው የመሬቱ ስለሆነ፣ የሚያስፈልገው በር መለወጥ ሳይሆን ዝናቡን ከግድግዳው ግርጌ ማራቅ፣ ማለትም ለጣራው አሸንዳ መስቀልና ውሃው ራቅ ብሎ የሚወርድበትን ቦይ ማውጣት ነው። በበጋም የሚነክስ ከሆነ ማጠፊያው ላልቷል፣ ወይም የመቃኑን እግር ምስጥ በልቶታል።

እግሩ የተበላውን መቃን መለወጥ ቀላል ሥራ አይደለም፤ ጽሑፋችሁም ያለፈው ይህንን ነው። በጭቃ ቤት መቃኑ የበሩ ብቻ አይደለም። ማገሮቹ የተመቱት በእሱ ላይ ነው፣ ጉበኑንና ከበላዩ ያለውን ምርግም የተሸከመው እሱ ነው። አስቀድሞ ጉበኑን በድጋፍ ሳያቆሙ መቃኑን የነቀለ ሰው ግድግዳውን አብሮ ያወርደዋል። ላሜራ በር ከነብረት መቃኑ ሲገጠም ደግሞ የተለመደው አሠራር ዙሪያውን በሲሚንቶ መሙላት ነው፤ ሲሚንቶ ግን ድንጋይንና ብሎኬትን እንጂ ጭቃን አይዝም፣ በሩ በተከፈተና በተዘጋ ቁጥር ጭቃው እየረገፈ መቃኑ መወዝወዝ ይጀምራል። ሌባ ፈርቶ ብረት የመረጠን ሰው አልቃወምም፤ ነገር ግን እንዲህ የቆመ በር በዶማ ይነቀላል። የብረቱ መቃን በግራና በቀኝ ካሉት ጤነኛ የእንጨት ቋሚዎች ጋር በብሎን መታሰር፣ ክፍተቱም ከጭድ ጋር ተቦክቶ ለቀናት ባደረ ጭቃ መመረግ ይኖርበታል። ልኩንም ስፋቱን ከላይ፣ ከመሐልና ከታች፣ እንዲሁም ከጥግ እስከ ጥግ በሰያፍ ሳይለኩ 90 በ210 ሴንቲ ሜትር ብሎ ማዘዝ አይገባም፤ በአሮጌ ቤት ቀጥ ያለ ማዕዘን ማግኘት ብርቅ ነው።

እንጨቱን በተመለከተ አንድ ነገር ልጨምር። የቆዩት በሮቻችን በአብዛኛው ከጥድ፣ ከዝግባና ከዋንዛ የተሠሩ ናቸው። እነዚህ ዛፎች ከኮሶ ጋር በ1986 ዓ.ም. በወጣው የደን አዋጅ ከመንግሥት ደን እንዳይቆረጡ ስለተከለከሉ፣ ዛሬ እንዲህ ያለ ጣውላ ገዝቶ በር ማሠራት ለአብዛኞቻችን የማይሞከር ነው። የበሰበሰው የታችኛው ጫፍ ብቻ ከሆነ ያንን ቆርጦ በሌላ ጣውላ መቀጠል ለአንድ አናጢ የግማሽ ቀን ሥራ ነው። አሮጌው ቀለም ሲፋቅ ግን በውሃ እየረጠበ፣ ልጆች በሌሉበት ይፋቅ፤ አገራችን በቀለም ውስጥ የሚገኘውን እርሳስ የተባለ መርዛማ ብረት በሚሊዮን ከ90 እጅ እንዳይበልጥ በሕግ የወሰነችው በቅርብ ጊዜ ነውና፣ ከዚያ በፊት በተቀባ በር ላይ ምን ያህል እንዳለ ማንም አያውቅም።

የመጨረሻው ጉዳይ ከባለቤቱ አቅም በላይ ነው። የመንደር ውስጥ መንገዶች በኮብልስቶን ሲነጠፉ መንገዱ ከአሮጌዎቹ ቤቶች ደፍ በላይ እየሆነ፣ ጎርፉ በቀጥታ ወደ በሮቻችን ይወርዳል። በዚህ ሁኔታ እንጨቱም ይበሰብሳል፣ ላሜራውም ውሃ ታጥፎ በተበየደው ግርጌው ውስጥ ስለሚቋጠር ከውስጥ ይዝጋል። መንገዱን የሚያሠሩት አካላት ድንጋዩን ከማንጠፋቸው በፊት በየደጃፉ የሚያልፈውን ቦይ እንዲያስቆፍሩ፣ ጋዜጣችሁም ይህን ጉዳይ ሄዶ እንዲያይልን እጠይቃለሁ። ስለ በር ዳግም ስትጽፉ ደግሞ ቤቱ የብሎኬት ይሁን የጭቃ፣ መሬቱም መረሬ ይሁን ቀይ አፈር ለይታችሁ ብትጽፉልን መልካም ነው።

ከአክብሮት ጋር፤
የጋዜጣችሁ አንባቢ፣ ከአቃቂ ቃሊቲ