ድንገተኛ ክፍሎቻችንን በውሸት ታማሚ እንፈትናቸው፦ ለደሴና ለኮምቦልቻ ልጆች የቀረበ የድጋፍ ጥሪ

የደሴና የኮምቦልቻ ልጆች፣ በያላችሁበት ሰላም ለእናንተ ይሁን።

እኔ የድንገተኛ ክፍል ነርስ ነኝ። ከዓመታት በፊት፣ በሌላ ከተማ ስሠራ፣ አንድ አባት ትኩሳትና ሽፍታ ያለበት ልጁን ይዞ መጣ። ካርድ እስኪወጣ አግዳሚ ወንበር ላይ ተቀመጡ። ከጎናቸው የሁለት ወር ሕፃን ያቀፈች እናት ነበረች። ኩፍኝ ሊሆን እንደሚችል የጠረጠርነው ዘግይተን ነው። የኩፍኝ ቫይረስ ታማሚው ከሄደ በኋላ እንኳ እስከ 2 ሰዓት አየር ላይ ሊቆይ ይችላል። ይህን እያወቅኩ ነው በአጠገባቸው ስመላለስ የነበረው። ያቺን እናት ዳግመኛ አላየኋትም። ሕፃኑ እንዴት እንደሆነ እስከ ዛሬ አላውቅም።

ማስክ አልነበረም እንዳትሉ፤ ነበረ። ግን ውስጠኛው ክፍል፣ ካቢኔ ውስጥ ተቆልፎበታል። ቁልፉ ሌላ ታካሚ ጋ በገባችው ተረኛ ኪስ ውስጥ ነበር። ያን ቀን ሰነፍ ሰው አልነበረም፤ ሁላችንም እየሮጥን ነበር። ያጠፋው የማስኩ ቦታና የወንበሩ አቀማመጥ ነው። እንዲህ ያለውን ጥፋት ደግሞ ስብሰባና ማስታወቂያ አይገልጡትም። ታማሚ በር ላይ ሲደርስ ነው የሚታየው።

ስለዚህ እውነተኛው ታማሚ ከመምጣቱ በፊት የውሸት ታማሚ እንላክ ነው የምንለው። በሙያው ሲሙሌሽን ይሉታል። በሚገባ የተዘጋጀ በጎ ፈቃደኛ እየሳለ ወይም ስለ ሽፍታ እየተናገረ ይገባል። እኛ ሰዓት እንይዛለን። ማስክ የተሰጠው በስንት ደቂቃ ነው? ለብቻው የተደረገው መቼ ነው? የነካው ሰው እጁን በአልኮል አሸ ወይ?

በኒውዮርክ ከተማ እንደ አውሮፓ አቆጣጠር ከ2015 መጨረሻ እስከ 2016 አጋማሽ በ49 ሆስፒታሎች ድንገተኛ ክፍሎች 95 እንዲህ ያሉ ልምምዶች ተደርገው ነበር። ታማሚው ማስክ ተሰጥቶት ለብቻው የተደረገው በ78 በመቶው ነው። የእጅ ንጽሕና የተጠበቀው ግን በ36 በመቶ ብቻ ነበር። ሀብታም ከተማ ነው፤ አልኮልም ውሃም አላጡም። በእኔ እምነት ይህ ቁጥር ባለሙያውን የሚያሳፍር ሳይሆን ልምምዱ ለምን እንደሚያስፈልግ የሚያሳይ ነው።

የእኛ ልምምድ ግን የእነሱ ግልባጭ መሆን የለበትም። እኛ ጋ ታማሚ ብቻውን አይመጣም። ከኩታበር ወይም ከሐይቅ የመጣ ሰው ሁለት ሦስት አስታማሚ ይከተለዋል። የሚያነሱት፣ የሚያጎርሱት፣ ላቡን የሚጠርጉት እነሱ ናቸው። ስለዚህ የውሸት ታማሚያችን የውሸት አስታማሚም ይኖረዋል። አንዱን ልምምድ ሆን ብለን ማታ፣ ሌላውን ውሃ በጠፋ ቀን እናደርጋለን።

እኔን በጣም የሚያጓጓኝ በልምምዱ ጀርምን ወክሎ የሚቀባው ቅባት ነው። የታማሚው እጅና እጅጌ ላይ ይቀባል፤ በተራ ብርሃን አይታይም። ከግማሽ ሰዓት በኋላ መብራት አጥፍተን በአልትራቫዮሌት ባትሪ ስናበራ ቦግ ይላል። በር እጀታ ላይ፣ እስክሪብቶ ላይ፣ ካርዱ ላይ፣ የነርሷ ስልክ ላይ፣ የአስታማሚው ነጠላ ላይ። አንድ ጊዜ ያየ ሰው እጁን ሳያሽ ስልኩን አያነሳም።

ያለ ሆስፒታሉ አስተዳደር ፈቃድ የትም አንገባም። እውነተኛ ድንገተኛ ታካሚ ሲመጣ ልምምዱ እዚያው ይቆማል። የማንም ባለሙያ ስም አይመዘገብም፤ የሚመዘገበው ቦታና ሰዓት ነው።

በ2014 ጦርነት ጊዜ የደሴ ሆስፒታል ሲዘረፍ ባዶ ሆስፒታል ምን እንደሚመስል አይተናል። አሁን የምንጠይቀው ትልቅ ማሽን አይደለም። 4 የአልትራቫዮሌት ባትሪዎች፣ ቅባቱ፣ ለልምምድ የሚውል ማስክ፣ ጓንትና ጋውን፣ ለበጎ ፈቃደኞች የትራንስፖርት ብር ነው። የሚተርፈው ሁሉ በልምምዱ የታየውን ክፍተት ለመድፈን ይውላል፤ ግድግዳ ላይ የሚሰቀል የአልኮል ማስቀመጫ፣ በር ላይ የሚቆም የማስክ ሳጥን፣ ለሚያስሉ ሰዎች ራቅ ብሎ የሚቀመጥ ወንበር።

ከ50 ብር ጀምሮ ያዋጡ። ቅሬዎቻችን፣ ማለትም እድሮቻችን፣ ለለቅሶ እንደሚያዋጡት ሁሉ ሰው ሳይሞትም ቢያዋጡ ደስ ይለኛል። ገንዘቡን የምንቀበለው በየቅሬው ሰብሳቢ በኩል፣ በደረሰኝ ብቻ ነው። በእኛ ስም የግል ቁጥር ለሚልክላችሁ ሰው ምንም አትስጡ። ውጭ አገር ያላችሁ በቤተሰቦቻችሁ በኩል ስጡ። የገባውና የወጣው በየወሩ ቅሬው ፊት ይነበባል።

ብር የሌለው ሰው ጊዜውን ይስጠን። በተለይ ታማሚ ወላጅ ወይም ልጅ ይዛችሁ ድንገተኛ ክፍል ያደራችሁ እናቶችና አባቶች፣ አስታማሚ ሆናችሁ ብትገቡልን እንወዳለን። የት እንደተቀመጣችሁ፣ ማን ምን እንዳላችሁ፣ ምን እንደነካችሁ ከእናንተ የተሻለ የሚያስታውስ የለም።