ሸክላ ሠሪ ማለት ከበዳችሁ እንዴ?

ጤና ይስጥልኝ አዘጋጅ፣ የሸክላ ፖፒዎቹ (ብሪታንያ የጦርነት ሙታኖቿን የምታስብባቸው ቀይ አበቦች) በ2025 ለንደን ወዳለው ጥንታዊ ግንብ፣ ወደ ታወር ኦፍ ለንደን ስለመመለሳቸው የጻፋችሁትን አነበብኩት፣ ፎቶዎቹ አሪፍ ናቸው፣ ግን ከላይ እስከ ታች ብፈልግ ብፈልግ "አርቲስቱ" ከምትል ቃል በቀር የሰውየው ስም የለም። ፖል ከሚንስ ይባላል፣ የደርቢ ሸክላ ሠሪ ነው። አበቦቹ እንዴት እንደሚደረደሩ ያወጣው ደሞ ቶም ፓይፐር የሚባል የቲያትር መድረክ ዲዛይነር ነው።

በ2025 የተመለሱት 30,000 ገደማ ነበሩ። እኔ በ2014 ኖቬምበር መጀመሪያ ላይ ከስራ ስወጣ ሄጄ ያየሁት ግን ዋናውን ነው፣ ሰዉ አጥሩን ይዞ ተጋፍቶ ቁልቁል ያያል፣ በግንቡ ዙሪያ ያለው ቦይ ደም የሞላበት ነው የሚመስለው። በአንደኛው የዓለም ጦርነት ለሞተ ለእያንዳንዱ የብሪታንያና የቅኝ ግዛቶቿ ወታደር አንድ አንድ አበባ፣ ሲደመር 888,246። ቁጥሩን ሁሉም ይጽፈዋል (ምስራቅ አፍሪካ ላይ ለብሪታንያ ጦር እቃ ተሸክመው ያለቁት ስንቶቹ ስማቸው እንኳን ሳይመዘገብ እንደቀረ ግን ማንም አያነሳም፣ እሱ ሌላ ደብዳቤ ይወጣዋል)።

እኔ የሸክላ ሠሪ ልጅ ነኝና ሳየው ቀድሞ የመጣልኝ ይሄን ሁሉ ማን ሰራው የሚለው ነው። እናቴ ስንት ቀን ለፍታ የሰራችው ጀበና እሳት ላይ ጧ ብሎ ገል ሲሆን እያየሁ ነው ያደግኩት። ፖፒውም ያው ነው፣ ጭቃው ይዳመጣል፣ ቅጠሉ ይቆረጣል፣ ከዛ በእጅ እየታጠፈ ቅርጽ ይይዛል ስለዚህ አንዱ አንዱን አይመስልም፣ ይተኮሳል፣ ቀዩን ተቀብቶ እንደገና ይተኮሳል፣ መጨረሻ ብረት ዘንግ ላይ ይሰካል። ይሄን ስምንት መቶ ሺህ ጊዜ አስቡት እስቲ! ከሚንስ ብቻውን አልሰራውም፣ ብዙ እጅ ነው ያለበት፣ ግን እሱ ራሱ ስራው ላይ እያለ መዳመጫው ማሽን ቀኝ እጁን ይዞት አንድ ጣቱን አጥቷል። ይሄ ለጽሁፋችሁ አይመጥንም ነበር?

ያኔ አንድ የእንግሊዝ ጋዜጣ ሃያሲ ለጦርነት ሙት በጣም አማረ፣ ደግሞ የሌላውን ወገን ሙት ረሳ ብሎ ተችቶት ነበር፣ ሁለተኛው ላይ እስማማለሁ፣ ማማሩን ግን ለቀቅ ያድርገው፣ ሸክላ ሠሪ አስቀያሚ ይስራ ወይ።

እናቴን ገበያ ላይ ጀበናዋን ገዝተው ዞር ሲሉ ቡዳ ናት ይሏት ነበር፣ ምኒልክ ባለሙያን በሙያው መስደብ በአዋጅ ከልክለው እንኳን። እዚህ አንዷ አበባ በ25 ፓውንድ ተሽጣ ሁሉም አለቀ። እና "አርቲስት" ብላችሁ ያለፋችሁት ሸክላ ሠሪ የሚለው ቃል ዝቅ ያለ መስሏችሁ ከሆነ አይደለም፣ በሚቀጥለው ስሙን ከነሙያው ጻፉልን።

ከለንደን፣ የዘወትር አንባቢያችሁ