«ለምን አንድ አይሆኑም?» ላልሽኝ

ልጄ፣

ለጤናሽ እንደምን ነሽ? እኛ እግዚአብሔር ይመስገን ደህና ነን። እናትሽ ሽሮው ደርሷት እንደሆነ ጠይቅልኝ ብላለች።

የጄኤንዩ ግቢሽን፣ የተማሪ ማኅበራቱን የግድግዳ ጽሑፎች ፎቶ አየሁት። «አባዬ፣ ሁሉም ቀይ ነው፣ ሁሉም ስለ ማርክስ ያወራል፣ ግን እርስ በርስ ነው የሚሰዳደቡት። ለምን አንድ አይሆኑም?» ብለሻል። በስልክ የሚያልቅ ነገር ስላልሆነ ነው የጻፍኩልሽ። ዓመቶቹን በፈረንጅ ነው ያስቀመጥኩት።

መጀመሪያ ማን የማን እንደሆነ ልንገርሽ። ኤአይኤስኤፍ የሚባለው የተማሪ ማኅበር የሲፒአይ፣ ማለትም የነባሩ የሕንድ ኮሙኒስት ፓርቲ ልጅ ነው። ኤስኤፍአይ የሲፒኤም፣ ማለትም ከሲፒአይ ተገንጥሎ የወጣው የማርክሲስት ፓርቲ ነው። አይሳ ደግሞ ሊበሬሽን የሚባለው የሲፒአይ ኤምኤል (የማርክሲስት-ሌኒኒስቱ ፓርቲ) ክንፍ ልጅ ነው። ዲኤስኤፍን ግን ያንቺው ዩኒቨርሲቲ፣ ጄኤንዩ ራሱ ነው የወለደው። በ2012 ሲፒኤም ለአገሪቱ ፕሬዚዳንትነት ፕራናብ ሙከርጂን ደገፈ። የግቢው የኤስኤፍአይ ልጆች «የኮንግረስን ሰው እንዴት እንደግፋለን?» ብለው ተቃወሙ። ከላይ ያሉት ቅርንጫፉን በተኑት። ልጆቹም የራሳቸውን ይዘው ቀሩ። ፎቶው ላይ ካሉት አንዱ እንግዲህ እንዲህ ነው የመጣው።

ነገሩ ቀልድ ይመስላል። ግን «ከኮንግረስ ጋር እንዴት እንሁን?» የሚለው ጥያቄ ትልቁንም ፓርቲ ከሁለት የሰነጠቀ ነው። ኮንግረስ፣ ነፃነቱን ያመጣው፣ በዚያን ጊዜ አገሩንም ይገዛ የነበረው የነኔህሩ ፓርቲ፣ ወዳጅ ነው ወይስ ጠላት? ግማሹ «ተራማጅ ጎን አለው፣ እየገፋን አብረን እንሂድ» አለ። ግማሹ «የከበርቴና የባለርስት መንግሥት ነው» አለ። በዚያ ላይ ሞስኮና ፔኪንግ ተጣሉ። በ1962 ሕንድና ቻይና ተዋጉ፣ ቻይናን አላወገዛችሁም የተባሉት እስር ቤት ገቡ። በ1964 32 የብሔራዊ ምክር ቤት አባላት ስብሰባ ረግጠው ወጡ። ሲፒኤም የመጣው ከዚያ ነው። ዛሬ ሁለቱ ፓርቲዎች የተወለዱበት ዓመት ላይ እንኳ አይስማሙም። ሲፒአይ በ1925 ካንፑር ላይ ነው ይላል፣ ሲፒኤም በ1920 ታሽከንት። የልደት ቀን ላይ የተጣላ ቤተሰብ ውርስ ላይ እንዴት ይስማማል?

ይሄ ሁሉ የመስመር ጉዳይ ነው እንዳትይ ጎውሪ አማ የምትባለውን ፖለቲከኛ ነገር ላጫውትሽ። ኬረላ የምትባለው የደቡብ ሕንድ ክፍለ ግዛት በ1957 በምርጫ ኮሙኒስቶችን ሥልጣን ላይ አወጣች። (ሂሳብ ያስተማረኝ መምህር ከዚያው ነበር። በዚያ ዘመን ሕንዳዊ መምህር የሌለበት ሁለተኛ ደረጃ ብርቅ ነው። ስለ አገሩ ፖለቲካ ግን ትንፍሽ አይልም ነበር።) በክፍለ ግዛቱ ዋና ሚኒስትር በናምቡዲሪፓድ ካቢኔ ውስጥ የመሬቱን ጉዳይ የያዘችው ጎውሪ ናት። ሌላው ሚኒስትር ቲ.ቪ. ቶማስ ነው። በዚያው ዓመት ተጋቡ። በ1964 ፓርቲው ሲሰነጠቅ እሷ ወደ ሲፒኤም ሄደች፣ እሱ ሲፒአይ ቀረ። ትዳሩም አልተረፈም። በ1967 ሁለቱ ፓርቲዎች ተጣምረው ሲያሸንፉ ባልና ሚስት እንደገና አንድ ካቢኔ ውስጥ ተቀመጡ፣ እያንዳንዳቸው በየፓርቲያቸው ወንበር። ፓርቲዎቹ ለሥልጣን ሲሉ መታረቅ አላቃታቸውም። ጎውሪን በ1994 ሲፒኤም ራሱ አባረራት። በ2021 አረፈች፣ 101 ዓመቷ ነበር።

አሁን ወደ ደሙ እንግባ። ናክሳልባሪ በምዕራብ ቤንጋል፣ በዳርጂሊንግ አውራጃ ያለች የገጠር ቦታ ናት። ግንቦት 1967 ጭሰኞች መሬት እንይዛለን ብለው ተነሡ። አንድ የፖሊስ መኮንን በቀስት ተገደለ። በማግስቱ ፖሊስ ተኩሶ 11 ሰው ጣለ፣ አብዛኞቹ ሴቶች ነበሩ፣ ሕፃናትም ነበሩበት። የክፍለ ግዛቱ መንግሥት ማን ነበር ብትይ፣ ሲፒኤም ራሱ ያለበት ጥምር መንግሥት። ያነሣሡትም የሲፒኤም አባላት ናቸው፤ ቻሩ ማጁምዳር፣ ካኑ ሳንያል፣ ጃንጋል ሳንታል። እስቲ አስቢው፣ የራስሽ ፓርቲ መንግሥት ያደራጀሻቸውን ገበሬዎች ሲተኩስባቸው። ከዚህ በኋላ «ተው፣ አንድነት ይሻላል» የሚል ሰው ምን ፊት ይኖረዋል? ይሄን መገንጠል እኔ አልፈርድበትም።

የምፈርደው ከዚያ በኋላ በመጣው ነው። አብዮተኞቹን ሁሉ በአንድ ጥላ ሥር ለማምጣት በመጀመሪያ አስተባባሪ ኮሚቴ አቋቋሙ። ሐሳቡ ደህና ነበር፣ ይወያያሉ፣ ቀስ ብለው ይዋሃዳሉ። ግን ትዕግሥት አልነበረም። የደቡቡን የአንድራ ክፍለ ግዛት ሰው ናጊ ሬዲን፣ ያን ያህል ተከታይ ያለውን ሰው፣ በመስመር ልዩነት አሰናበቱት። በ1969 በሌኒን ልደት ቀን ሲፒአይ ኤምኤል ተመሠረተ። የካናይ ቻተርጂ ቡድን አልገባም፣ በዚያው ዓመት ማኦኢስት ኮሙኒስት ሴንተር የሚባል የራሱን አቋቋመ። ስለዚህ የአንድነቱ ፓርቲ ገና ሲወለድ ብዙ ሰው ውጭ ነበር።

ውስጥ የቀሩትም አልቆዩም። ማጁምዳር የሠራተኛ ማኅበሩንም የገበሬ ማኅበሩንም ትቶ «የመደብ ጠላትን በነጠላ መግደል» የሚል መስመር ያዘ። በካልካታ ግድግዳ ላይ «የቻይና ሊቀመንበር የኛም ሊቀመንበር ነው» ይጻፍ ነበር። ቻይናዎቹ ራሳቸው በ1970 የሕንዱን ፓርቲ መልእክተኛ «ይሄ መፈክር ልክ አይደለም» አሉት። ትችቱን ግን ለአባላቱ ማን ይንገር? ከመሪዎቹ አንዱ ሳትያናራያን ሲንግ ተቃወመና በ1971 ተገነጠለ። ሌሎቹም ተከተሉ። ማጁምዳር በሐምሌ 1972 ተያዘ፣ በ12 ቀኑ በእስር ላይ እያለ ሞተ። ከዚያማ ማን ይቁጠረው። ለማጁምዳር የቆመ፣ በማጁምዳር ላይ የቆመ፣ ይባስ ብሎ ከማኦ ጋር ተጣልቶ ለሞተው ለቻይናው ለሊን ቢያዎ የቆመ አንጃ ሁሉ ነበር። የቤንጋል ሩዝ አምራች ስለ ሊን ቢያዎ ምን አገባው?

«አንጃ»ና «ከላሽ» የሚሉት ቃላት እኔን ለምን እንደሚያሳክኩኝ ታውቂያለሽ። ኢሕአፓና መኢሶን አንድ ዓይነት መጽሐፍ አንብበው እንዴት እንደተጨራረሱ በየቤቱ ትዝታ አለ። በዚህ ላይ ሌላ ጊዜ እንነጋገራለን።

የሕንዶቹ ታሪክ ግን መሰንጠቅ ብቻ አይደለም፣ አንድነትም ተገኝቷል። ሁለት ዓይነት ነው። አንደኛው የጫካው ነው። ፒፕልስ ዋር የሚባለው የአንድራው ቡድን በ1998 በምሥራቅ ሕንድ ካለው የቢሃር ክፍለ ግዛት ቡድን፣ ከፓርቲ ዩኒቲ ጋር ተዋሐደ። እነዚህና ማኦኢስት ሴንተር ግን በ1990ዎቹ ቢሃር ውስጥ እርስ በርስ ተገዳድለዋል። አንድ ዓይነት መፈክር፣ አንድ ዓይነት ደሃ ገበሬ፣ በሁለቱም በኩል ሬሳ። በኋላ ግለሂስ አደረጉና በመስከረም 2004 ተዋሕደው ሲፒአይ ማኦኢስት ሆኑ። በዚህ ጊዜ በእርግጥም በረቱ። በ2006 ጠቅላይ ሚኒስትር ማንሞሃን ሲንግ የአገሪቱ ትልቁ የውስጥ ጸጥታ ፈተና ናቸው አለ። ግን ይሄ አንድነት የጠመንጃ አንድነት ነው። በመሃል ተጣብቆ የቀረው በቻቲስጋር ክፍለ ግዛት ያለው የባስታር የጫካ ሕዝብ ነው፣ ከዚህም ከዚያም ይገደላል። በግንቦት 2025 የፓርቲው ዋና ጸሐፊ ባሳቫራጁ ራሱ እዚያው ቻቲስጋር ውስጥ ተገደለ።

ሁለተኛው አንድነት የሚያስጨበጭብ አይደለም። ኬረላ ውስጥ ሲፒአይና ሲፒኤም ከ1980 ጀምሮ በአንድ ግንባር ውስጥ አሉ። ይጨቃጨቃሉ፣ ሥልጣን ሲይዙ በሚኒስትር ወንበር ይሻማሉ፣ አይለያዩም። ሲፒአይ «እንዋሐድ» ይላል፣ ሲፒኤም «አብሮ መሥራቱ ይበቃል» ይላል። ሊበሬሽንም ከኅቡዕ ወጥቶ ምርጫ ገባ። በ2020 ከተቃዋሚዎች ጋር ወንበር ተከፋፍሎ ከ19 ተወዳዳሪዎቹ 12ቱን ቢሃር ምክር ቤት አስገባ። ማጁምዳር ቢያይ «ከላሽ» ይላቸው ነበር። እኔ ግን ማንም በማንም ላይ ቀስት ያልወረወረበትን ይሄን ጭቅጭቅ እመርጣለሁ።

ስለዚህ ላንቺ ጥያቄ መልሴ ይሄ ነው፦ ባይዋሐዱም ግድ የለም። እኔን የሚያሳስበኝ ያልተስማማው ሰው ከስብሰባው ሲወጣ ምን እንደሚደረግ ነው።

ክርክራቸውን ሂጂና ስሚ፣ ሌሊቱን ሙሉ ነው የሚከራከሩት ይባላል። ሰልፍ ውስጥ ግን አትግቢብኝ፣ የተማሪ ቪዛ ነው የያዝሽው። ከዲኤስኤፍ የቆየ ሰው ካገኘሽ ደግሞ አንድ ነገር ጠይቂልኝ፦ ቅርንጫፋቸው በተበተነ ሰሞን ከኤስኤፍአዮቹ ጋር ሻይ ይጠጡ ነበር ወይስ ተኳርፈው ነበር? መልሱን ጻፊልኝ።

አባትሽ