አያቶችን ስንቀርጽ ፈቃዳቸውን እንጠይቅ

ለዝግጅት ክፍሉ፣

ታብሌት ማደል ብቻውን ዲጂታል ትምህርት አይባልም። በታዳጊ አገሮች ብዙ ልጆች ታብሌቱን ሲከፍቱ የሚያገኙት ከሌላ አገር የመጣ ትምህርት ነው፤ ዘር አመራረጡን፣ መድኃኒት ቅጠሉን፣ የዝናብ ምልክቱን የሚያውቁ አያቶች ግን ማንም ሳይቀርጻቸው ያልፋሉ። ኢንተርኔት የለም ማለትም አያስኬድም፣ እንደ ኮሊብሪ ያሉ ያለ ኔትወርክ የሚሠሩ ነፃ ፕሮግራሞች አሉ።

እኔን በጣም የሚያሳስበኝ የዚህ ዕውቀት ባለቤትነት ነው። በ1995 እ.ኤ.አ. አሜሪካ ውስጥ እርድ ቁስል ይፈውሳል ተብሎ ፓተንት (በሕግ የተጠበቀ የፈጠራ ባለቤትነት መብት) ተሰጠበት፤ በ1997 የተሰረዘው ሕንዶች ዕውቀቱ አዲስ እንዳልሆነ የሚያሳዩ የቆዩ ጽሑፎቻቸውን በማስረጃነት ስላቀረቡ ነው። ተማሪዎች አያቶቻቸውን በስልክ ይቅረጹ፣ ግን መጀመሪያ ያስፈቅዱ፣ ስማቸውን ይመዝግቡ፤ የቱ ለሕዝብ እንደሚለቀቅ የሚወስኑትም ባለቤቶቹ ይሁኑ።

አንድ አንባቢ