ይድረስ ለቨርጂኒያ አገረ ገዥ መኖሪያ ቤት አስጎብኚዎች

ሰላምታዬ ካላችሁበት ይድረስ። የምጽፍላችሁ ከአሌክሳንድሪያ ነው። በአማርኛ መጻፌ ይግረማችሁ ይሆናል፤ ጥያቄዬ ስለ አማርኛ ስለሆነ ነው። እንግሊዝኛውን ልጄ ገልብጣ ትልክላችኋለች።

ባለፈው ወር ከጎንደር የመጣችውን እናቴንና ሁለት ልጆቼን ይዤ ሪችመንድ ወረድኩ። የ95 መንገድ እንደ ልማዱ ተዘጋግቶ ወገባችን ተቆረጠ። ጉብኝቱ በነፃ ነው ስላት እማዬ አላመነችኝም። «የገዥ ግቢ ዝም ብሎ ይገባል?» አለች።

አስጎብኚያችን ደግ ሴት ነበሩ። ቤቱ በፈረንጆች 1813 እንዳለቀ ነገሩን። ለገዥ መኖሪያነት ተሠርተው ዛሬም ገዥ ከሚኖርባቸው የአሜሪካ ቤቶች ከሱ የሚያረጅ የለም አሉ። እኔ ተረጎምኩ። እማዬ ትንሽ አሰበችና «ዘመነ መሳፍንት ነዋ! ይሄማ የትናንት ነው» አለች። አትቀየሟት፤ የፋሲልን ግንብ እያየች ያደገች ሴት ናት።

ልጆቼ ደግሞ የ1926ቱን ቃጠሎ ወደዱት። የገዥው የትሪንክል ትንሽ ልጅ በርችት ሲጫወት የገናውን ዛፍ ለኮሰው፣ ቤቱም ተያያዘ። የኔው ወንዱ ልጅ መንገዱን ሙሉ «እሱን ቀጡት?» እያለ ሲጠይቀኝ ነበር።

ችግሩ የመጣው ጓሮ ስንደርስ ነው። ከዋናው ቤት ተነጥላ የቆመችውን ትንሽ ቤት ገና ስታይ እማዬ ማንንም አልጠበቀችም፤ «ማድ ቤቱ ነው» አለች። ልክ ነበረች። ሴትዮዋ እዚያ ምግብ ያበስሉና ያድሩ ስለነበሩት ሰዎች መናገር ጀመሩ። እኔ አፌ ተሳሰረ። «ባሪያ» የሚለው ቃል ለእናንተ የታሪክ ቃል ሊሆን ይችላል። በእኛ ዘንድ ግን ዛሬም ሰው የሚሰደብበት ነው። በልጆቼ ፊት ላወጣው አልፈለግኩም። «ሠራተኞች ነበሩ» አልኳት።

«ደሞዛቸው ስንት ነበር?» አለችኝ።

ምን ልበል? የአሥር ዓመቷ ልጄ በዚያ በተሰባበረ አማርኛዋ «አባ ውሸት ነው፤ ሠራተኛ አይደለም፤ መሄድ አይችሉም» አለች። እማዬ እኔን አየችኝ፣ ቤቷን አየች፣ ዝም አለች።

ስንመለስ ፍሬድሪክስበርግን ካለፍን በኋላ ነው አፏን የከፈተችው። «በአያቴም ቤት ነበሩ። ማድ ቤት ነበር የሚያድሩት» አለች። ሃምሳ ዓመት ሊሞላኝ ነው፤ ይህን ከእሷ ሰምቼ አላውቅም።

እንግዲህ የምለምናችሁ አንድ ገጽ በአማርኛ እንድታዘጋጁ ነው። አንድ ገጽ ይበቃል። የዋሽንግተን ዲሲ መሥሪያ ቤቶች በአማርኛ ቅጽ ማውጣት ከጀመሩ ቆይተዋል፤ የፌርፋክስ ትምህርት ቤቶችም ለወላጆች በአማርኛ ይጽፋሉ። እኛ በሰሜን ቨርጂኒያ ብዙ ነን፤ አያት ከአገር ቤት በመጣች ቁጥር የት እንውሰዳት እያልን የምንጨነቅ ብዙ ነን።

ስለ ሕንፃው አርክቴክት ባታበዙ ደስ ይለኛል። በማድ ቤቷ ያደሩትን ሰዎች ግን በደንብ ጻፉልን፤ «በባርነት የተያዙ ሰዎች» በሉ፣ «ሠራተኞች» አትበሉ። በ1990 ገዥ ሆኖ እዚያው ቤት የገባው ዳግላስ ዋይልደር አያቶቹ በባርነት የኖሩ መሆናቸውም ይጨመርበት። እኔ በድንጋጤ ይህንን ለእማዬ ሳልነግራት ቀረሁ። ቤት ደርሰን ስነግራት «ታዲያ እሱ ማድ ቤቷ ገብቶ አይቷት ይሆን?» አለችኝ። መልስ አልነበረኝም።

አደራ፣ በማሽን አታስተርጉሙት። ረቂቁን ላኩልኝ፤ እማዬ እስከ መስከረም እዚሁ ናት፣ መነጽሯን አድርጋ ታርምላችኋለች።

ከአክብሮት ጋር፣
አንድ የአሌክሳንድሪያ ነዋሪ