ከሻንጣ ጭነት ወደ ጥገና ሀንጋር፦ ለአውሮፕላን ጥገና ተማሪዎቻችን የቀረበ የድጋፍ ጥሪ

በሲያትል፣ በሬንተን፣ በኬንት፣ በተክዊላ እና በሲታክ ለምትኖሩ ወገኖቻችን በሙሉ፤

ይህን ጥሪ የምናቀርበው የአውሮፕላን ጥገና ሙያ ለሚማሩ ስምንት ወገኖቻችን የፈቃድ ፈተና ክፍያ የሚሸፍን እና በጋራ የሚገለገሉባቸውን የሥራ መሣሪያዎች የሚገዛ ተዘዋዋሪ ገንዘብ ለማቋቋም ነው። ለመጀመሪያው ዙር የሚያስፈልገን 22,000 ዶላር ነው። የኮሌጅ ክፍያ በዚህ ውስጥ አልተካተተም፤ ገቢያቸው ዝቅተኛ የሆነ ተማሪዎች ለፌዴራሉ ፔል ግራንት እና ለዋሽንግተን ግዛት የኮሌጅ ድጎማ ማመልከት ይችላሉና። የተማሪዎቻችን ጭንቀት የሚጀምረው ድጎማው በሚያበቃበት ቦታ ሲሆን፣ የማኅበረሰባችን እገዛ ከሁሉ ይልቅ ፋይዳ የሚኖረውም እዚያው ላይ ነው ብለን እናምናለን።

በሲያትል ታኮማ አውሮፕላን ማረፊያ የወገኖቻችንን ላብ ያላየ ሥራ የለም ማለት ይቻላል። ሻንጣ የሚጭኑ፣ ተሽከርካሪ ወንበር የሚገፉ፣ ካቢን የሚያጸዱ፣ ከበር ውጭ ደግሞ ታክሲ ይዘው የሚጠብቁ እናቶች፣ አባቶች እና ወጣቶች አሉን። የሲታክ ከተማ መራጮች እ.ኤ.አ. በ2013 ዝቅተኛውን የሰዓት ክፍያ 15 ዶላር ያደረገውን ውሳኔ በ77 ድምፅ ልዩነት ሲያጸድቁ፣ ቤት ለቤት ዞረው ድምፅ ካሰባሰቡት መካከል የምሥራቅ አፍሪካ ስደተኞች ነበሩበት፤ ይህ የምንኮራበት ታሪክ ነው። ይሁን እንጂ ዝቅተኛ ክፍያ ከፍ ቢልም ያው ዝቅተኛ ነው። ሌሊቱን በአንድ አውሮፕላን ሆድ ሥር ሲጭን ያደረ ወጣት፣ ጥቂት ሜትር ርቆ በዚያው አውሮፕላን ላይ ከሚሠራው መካኒክ የሚለየው የፈቃድ ወረቀት እና ወደዚያ የሚያደርስ ትምህርት ነው። የአሜሪካ የሠራተኛ ስታቲስቲክስ ቢሮ ባወጣው መረጃ እ.ኤ.አ. በ2023 ከአገሪቱ የአውሮፕላን መካኒኮች ግማሾቹ በዓመት ከ75,000 ዶላር በላይ ያገኙ ነበር። ወደ ሙያው ለመግባት የአራት ዓመት ዲግሪ አይጠየቅም።

መንገዱ እንዴት እንደሆነ ለማያውቁ በአጭሩ እናስረዳ። የፌዴራሉ አቪየሽን አስተዳደር፣ በተለምዶ ኤፍኤኤ የሚባለው፣ ኤ ኤንድ ፒ በመባል የሚታወቀውን የመካኒክነት ፈቃድ የሚሰጠው ቢያንስ 18 ዓመት ለሞላው እና እንግሊዝኛ ማንበብ፣ መጻፍ፣ መናገር እና መረዳት ለሚችል ሰው ነው። ፈቃዱ ሁለት ዘርፍ አለው፤ አንዱ የአውሮፕላኑን አካል፣ ሌላው ሞተሩን ይመለከታል። በኤፍኤኤ የጸደቀ ትምህርት ቤት አጠናቆ የሚመጣ ሰው በቀጥታ ለፈተና ይቀርባል፤ በአካባቢያችን ሳውዝ ሲያትል ኮሌጅ እና በፔይን ፊልድ የሚያስተምረው ኤቨሬት ኮሚኒቲ ኮሌጅ ይህን ትምህርት ይሰጣሉ። ቀድሞ ደንቡ ለሁለቱም ዘርፍ ቢያንስ 1,900 ሰዓት ትምህርት ይጠይቅ ነበር፤ እ.ኤ.አ. በ2022 የወጣው አዲስ ደንብ የሰዓቱን ቁጥር ትቶ ተማሪው ማወቅ እና መሥራት ያለበትን መለኪያ አድርጓል። ሻንጣ በመጫን የተቆጠረ ዓመት ግን፣ ስንትም ቢሆን፣ እንደ ጥገና ልምድ አይያዝም።

ከትምህርቱ በኋላ ሦስት የጽሑፍ ፈተናዎች አሉ፤ አንዱ ጠቅላላ ዕውቀትን፣ ሁለቱ ደግሞ የየዘርፉን ጉዳይ ይፈትናሉ፤ ማለፊያው 70 ነው። ለእያንዳንዱ 175 ዶላር ገደማ ይከፈላል። ከዚያ ኤፍኤኤ የወከለው መርማሪ ፊት የቃል እና የተግባር ፈተና ይከተላል፤ የዚህን ዋጋ የሚተምነው መርማሪው ራሱ በመሆኑ ከቦታ ቦታ ይለያያል። እኛን ይህን ጥሪ እንድናዘጋጅ ያነሣሣን አንድ የደንቡ አንቀጽ ነው፦ አመልካቹ የጽሑፉንም፣ የቃሉንም፣ የተግባሩንም ፈተና በ24 ወር ውስጥ አጠናቅቆ ማለፍ አለበት። ቤተሰብ የሚያስተዳድር፣ አገር ቤትም የሚረዳ ሰው የጽሑፉን ፈተና አልፎ ለመርማሪው የሚከፍለው ቢያጣ፣ «የሚቀጥለው ወር»፣ «ከፋሲካ በኋላ» እያለ ጊዜው ሲያልፍበት ያለፈውን ፈተና እንደገና ከፍሎ ለመቀመጥ ይገደዳል። ሁለት ዓመት የለፋ ሰው በመጨረሻው ደጃፍ ላይ ከ2,000 ዶላር በማያልፍ ገንዘብ መቆም የለበትም።

መሣሪያውም ራሱን የቻለ ወጪ ነው። በዚህ አገር ብዙ ጊዜ መካኒክ የራሱን የመሣሪያ ሳጥን ይዞ ወደ ሥራ ይገባል። አገር ቤት ጋራዥ የሠራ ሰው ካቻቢቴውን፣ ፒንሳውን እና መፍቻውን ያውቃቸዋል፤ እነዚህ እዚህም ያገለግላሉ። አውሮፕላን ግን የብሎን ጥብቀት በልክ የሚያስይዘውን ቶርክ ሬንች፣ ብሎን እንዳይላላ የሚታሰርበትን ሽቦ የሚጠመዝዘውን ልዩ ፒንሳ፣ ኤሌክትሪክ የሚለካበትን መልቲሜትር እና እጅ የማይገባበትን ቦታ የሚያሳይ መስታወት ጭምር ይፈልጋል። ስለዚህ ለእያንዳንዱ ተማሪ ከመግዛት ይልቅ አራት የተሟሉ ሳጥኖችን ገዝተን በተራ ለማዋስ አስበናል። በዚህ ላይ ጥብቅ ለመሆን ወስነናል፤ እያንዳንዱ መሣሪያ ቁጥር ይቀረጽበታል፣ በቅርጹ በተቆረጠ ስፖንጅ ውስጥ የራሱ ቦታ ይኖረዋል፣ ሲወጣም ሲገባም ይፈረምበታል። ይህ የኮሚቴው ቢሮክራሲ እንዳይመስላችሁ። በሀንጋር ውስጥ ሳጥኑ ላይ ባዶ ቦታ ከታየ መሣሪያው ሳይገኝ አውሮፕላኑ አይለቀቅም፤ ሞተር ውስጥ የተረሳ አንዲት ትንሽ መፍቻ የምታመጣው ጥፋት ለመገመት አያዳግትም። ተማሪዎቻችን ይህን ልማድ ሥራ ከመያዛቸው በፊት እንዲያዳብሩት እንፈልጋለን።

ስለ አንድ የተለየ ወገን ደግሞ ጥቂት ማለት ያስፈልጋል። የኢትዮጵያ አየር መንገድ እ.ኤ.አ. በ1946 በረራ ከጀመረ ጊዜ አንሥቶ የጥገና ሙያ በአገራችን ትውልድ እየተቀባበለው የመጣ ነው፤ በአዲስ አበባው ሀንጋር ወይም በደብረ ዘይት አየር ኃይል ውስጥ ለዓመታት ሠርተው ዛሬ እዚህ ታክሲ የሚነዱ ወይም በመጋዘን የሚሠሩ ሰዎች በመካከላችን አሉ። ኤፍኤኤ ለአንድ ዘርፍ 18 ወር፣ ለሁለቱም 30 ወር የተግባር ልምድ በሰነድ ያረጋገጠ አመልካች ትምህርት ቤት ሳይገባ ለፈተና እንዲቀርብ ይፈቅዳል። ከባዱ ነገር ሰነዱን ማሰባሰብ ነው፤ የሥራ ደብዳቤ፣ የሥልጠና ምስክር ወረቀት፣ አብሮ የሠራ ሰው ቃል። ከስምንቱ መካከል ሁለቱ በዚህ መንገድ የሚመጡ ናቸው፤ እኛ እንደምናየው በዕድሜ ገፋ ያሉ መሆናቸው ከጥሪው ሊያስቀራቸው ቀርቶ ሊያስቀድማቸው ይገባል፤ ለወጣቶቹ በማታ ጥናት ላይ የሚያስረዱትም እነርሱ ናቸውና።

ገንዘቡ እንዲህ ተደልድሏል። ለስምንቱ የጽሑፍ ፈተና 4,200 ዶላር፣ ለቃል እና ለተግባር ፈተና 9,600 ዶላር፣ ለአራቱ የመሣሪያ ሳጥኖች 6,000 ዶላር፣ ቀሪው 2,200 ዶላር ደግሞ ለወደቀ ተማሪ አንድ ጊዜ ድጋሚ ፈተና መክፈያ ነው። መጠባበቂያውን «የመውደቂያ ገንዘብ» ብለው የቀለዱብን አሉ፤ ሆኖም ጠቃሚ ነው እንላለን፤ ምክንያቱም የወደቀ ሰው ከ30 ቀን በኋላ፣ ወይም ተጨማሪ ትምህርት መውሰዱን ብቁ ባለሙያ በፊርማው ካረጋገጠለት ከዚያ በፊት፣ እንደገና መቀመጥ ይችላል፤ ትምህርቱ ትኩስ ሳለ መፈተኑም ይበጀዋል። የፈተና ክፍያ ለተማሪው በእጁ አይሰጥም፤ በቀጥታ ለፈተና ጣቢያው እና ለመርማሪው ይከፈላል። ተማሪው ፈቃዱን አግኝቶ በሙያው ሥራ ከያዘ በኋላ የወጣለትን ያለ ወለድ በሁለት ዓመት ውስጥ ይመልሳል፤ የተመለሰውም ለሚቀጥለው ተረኛ ይውላል። ሥራ ያልያዘ ሰው አይጠየቅም።

መናገር ያለብን አንድ ነገር አለ። ኮሚቴው ገና በበጎ አድራጎት ድርጅትነት ስላልተመዘገበ፣ ለጊዜው የምትሰጡትን ገንዘብ ከግብር ላይ ማስቀነስ አትችሉም። ምዝገባው እስኪጠናቀቅ መጠበቅ እንደሚሻል የመከሩን ወገኖች አሉ፤ ምክራቸውን ብናከብርም፣ ከተማሪዎቹ መካከል የ24 ወሩ ጊዜ እየሄደባቸው ያሉ ስላሉ ለመጠበቅ አልደፈርንም። የባንክ ሒሳቡ በሦስት ሰዎች የጋራ ፊርማ የሚንቀሳቀስ ሲሆን፣ የገባው እና የወጣው በየሦስት ወሩ ለሰጪዎች ሁሉ በጽሑፍ ይቀርባል።

እጃችሁን በሦስት መንገድ እንድትዘረጉልን እንጠይቃለን። ገንዘብ መስጠት የምትፈልጉ በአብያተ ክርስቲያናት፣ በመስጊዶች እና በዕድር ስብሰባዎች ላይ ለሚገኙ የኮሚቴው አባላት ደረሰኝ ተቀብላችሁ መስጠት ትችላላችሁ፤ 20 ዶላርም ትመዘገባለች። በሙያው ውስጥ ያላችሁ ወይም በጡረታ የተገለላችሁ፣ የማትጠቀሙበት መሣሪያ ካላችሁ ብትለግሱን የግዢውን ወጪ በእጅጉ ይቀንስልናል፤ ልኬቱ መረጋገጥ ያለበትን ቶርክ ሬንች ግን አስመርምረን ካልሆነ አናውስም። ጊዜ ያላችሁ ደግሞ ቅዳሜ ማታ በሚካሄደው የጋራ ጥናት ላይ፣ በተለይ የጥገና መመሪያዎችን እንግሊዝኛ በማስነበብ፣ ልትረዱን ትችላላችሁ።

የኮሌጆቹ የመጀመሪያ ሩብ ዓመት በሴፕቴምበር መጨረሻ ስለሚጀምር፣ የዚህን ዙር መዋጮ የምንዘጋው በእንቁጣጣሽ ዕለት ነው። የተሰበሰበው ከታሰበው ካነሰ ገንዘቡ በቅድሚያ የሚውለው የ24 ወር ጊዜያቸው ለማለቅ ለቀረበ ተማሪዎች የቃል እና የተግባር ፈተና ሲሆን፣ የመሣሪያው ግዢ ለሚቀጥለው ዙር ይተላለፋል።

አዘጋጅ ኮሚቴው