ዝናቡ ጫማችን ላይ ከሚፈስ

ይድረስ ለአዘጋጁ፦

ባለፈው ሳምንት ፒያሳ ታክሲ ስጠብቅ ዶፍ ወረደ። ሮጬ መጠለያ ሥር ገባሁ። የጣሪያው ውኃ ግን ቀጥታ ጫማዬ ላይ፣ ከዚያ አስፋልቱን ይዞ ወደ ቱቦ። ጥር ሲመጣ ደግሞ እዚያው አካባቢ ቦቴ ቆሞ አበባ ያጠጣል!

ሒሳቡ ቀላል ነው። 1 ሚሊ ሜትር ዝናብ 1 ካሬ ሜትር ጣሪያ ላይ ሲያርፍ 1 ሊትር ውኃ ይሆናል። አዲስ አበባ በዓመት ከ1,000 ሚሊ ሜትር በላይ ታገኛለች። 6 ካሬ በሆነች ጣሪያ ላይ ከ6,000 ሊትር በላይ ይወርዳል ማለት ነው።

ይህን ውኃ አግዳሚ ወንበር ሥር ባለ ታንከር መያዝ ይቻላል። ከወንበሩ ጎን የአበባ መደብ ይሠራል። በመሐል ወፍራም የጨርቅ ክር ይገባል። ክሩ ልክ እንደ ኩራዝ ክር ውኃውን ወደ ላይ ይስባል። ፓምፕ አያስፈልግም፤ መብራት ጠፋ አልጠፋ ግድ የለውም።

የኔዘርላንዷ ዩትሬክት ከ300 በላይ የአውቶቡስ መጠበቂያዎቿን ጣሪያ ዝናብ በሚይዙ ተክሎች ሸፍናለች። እኛ ጋ ዝናቡ በብዛት ከሰኔ እስከ መስከረም ስለሆነ፣ ትንሽ ታንከር በጋውን ሙሉ አይዘልቅም። እንደ ሬት ያለ ጥም የሚችል ተክል ይሻላል። ክዳንና ወንፊትም ይኑረው፤ አለዚያ የትንኝ መራቢያ ነው።

በኮሪደር ልማቱ ከፒያሳ እስከ አራት ኪሎ ብዙ ወንበር ተተክሏል። በሁለት ሦስቱ ብንሞክረውስ?

አንባቢያችሁ፣ ከአራት ኪሎ